ዝናቡ ከግቢ ሳይወጣ

ሬይን ጋርደን ሲባል ብዙ ሰው ኩሬ ይመስለዋል። ኩሬ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ጎድጎድ ያለ የአበባ መደብ በሉት፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ወደ መሬት ይሰርጋል። በቃ። አበባው ለዓይን ነው፣ ዋናው ሥራ ግን ከመሬት በታች ነው ያለው። ለዚህም ነው ስለ አበባ ከማውራቴ በፊት ስለ ውሃ ብዙ የማወራባችሁ፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሙቀቱ ወራት ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይመጣል፣ ያወርደዋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ ይወጣል። ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። የኋላው አሸንዳ ውሃውን ሁሉ በአንድ ቱቦ አምጥቶ የቤቱ ማዕዘን ላይ ይደፋዋል። ከዚያ ሳሩን እየቦረቦረ፣ አፈሩን እየጠረገ፣ በጎረቤት አጥር ሥር ይወጣል። ቤዝመንቱም ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ባለቤቴ «ቱቦውን እናስረዝመው» አለ። ልክ ነው፣ ቤዝመንቱን ያድናል። ግን ውሃው የት ሊሄድ ነው? ጎረቤት ጋ። ጎረቤታችን ደግሞ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ጎርፍ እየላክሁባቸው እሁድ እሁድ ቡና እንዴት አብሬያቸው ልጠጣ?

እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሄድ ይመስለናል። እኛ ሰፈር እንደዚያ አይደለም። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በራሱ መስመር ይሄዳል፤ የዝናቡ ውሃ ግን ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው። ስላይጎ ክሪክ ከገባ በኋላ ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያ ፖቶማክ፣ በመጨረሻ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይደርሳል። ከመኪና የተንጠባጠበውን ዘይት፣ ከሳር የታጠበውን ማዳበሪያ፣ የውሻውን ነገር ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢያችን አስተዳደር፣ በዓመታዊው የንብረት ግብር ወረቀት ላይ የውሃ ጥራት ጥበቃ የሚል ክፍያ የሚጨምረውም ለዚሁ ነው፤ የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው ቦታ ስፋት ነው፣ በጣሪያው፣ በሲሚንቶው፣ በአስፋልቱ። ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩት። አብዛኞቻችን ጠቅላላውን እናይና ተናደን እናስቀምጠዋለን።

የሚገርመው፣ ሬይን ጋርደን የሚባለው ነገር ራሱ የዚሁ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አጠገባችን ባለው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ ቤት ሠሪ ሱመርሴት የሚባል አዲስ መንደር ሊገነባ ነበር። ሕጉ ለጎርፉ ትልቅ ማጠራቀሚያ ኩሬ እንዲቆፍር ያስገድደዋል። እሱም ኩሬውን ትቶ ለምን በየቤቱ ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት ቦታ አላደርግም ብሎ አሰበ፤ የካውንቲው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችም ሐሳቡን ተቀብለው አብረውት ሠሩ። በየቤቱ ከ300 እስከ 400 ካሬ ጫማ የሚሆን መደብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ነው ሐሳቡ ዓለምን የዞረው።

ወደ ቁፋሮው ልምጣ። መጀመሪያ ጃንጥላ ይዛችሁ ዝናብ ውስጥ ውጡ። ጎረቤት ቢያይ ይይ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም በዓይን ካላዩት ወረቀት ላይ የሚሣለው ሥዕል ዋጋ የለውም። ከዚያ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር፣ ራቁ። ትልቅ ዛፍ ሥር አትቆፍሩ፣ ሥሩን ትጎዳላችሁ። ሴፕቲክ ታንክ ያለው ደግሞ ከታንኩም ከማስረጊያውም ይራቅ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚከራከረኝን ነገር ልናገር። ግቢያችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ የሚተኛበት ረግራጋ ቦታ ካለ፣ ሬይን ጋርደኑን እዚያ አታድርጉት። «ውሃው ራሱ መርጦት የለም ወይ?» ትላላችሁ። ውሃው እዚያ የተኛው መሬቱ ስለማያሰርገው ነው። እኛ የምንፈልገው ቶሎ የሚጠጣ መሬት ነው። ከረግራጋው ከፍ ብሎ ያለ፣ ውሃው ወደ ታች ከመውረዱ በፊት የሚያልፍበት ቦታ ይሻላል።

መሬቱ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለውን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። 30 ሳንቲሜትር ያህል የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት፣ ይጠጣው። ከዚያ እንደገና ሙሉትና ማስመሪያ አቁማችሁ ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው ሙሌት አይቆጠርም፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ይጠጣል፣ ያታልላል። በሰዓት 1 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ከወረደ ጥሩ ነው። 15 ሳንቲሜትር የተኛ ውሃ በአሥር በአሥራ ሁለት ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ቆይቶም ካልጠፋ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ወይም አፈሩን አሻሽሉ። የእኛ አካባቢ አፈር ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሸክላማ አፈር ነው፤ ቤቶቹ ሲሠሩ ደግሞ ማሽን ረግጦት ጠጥሯል። ቢሆንም ከላይ ያለው የጠጠረው ክፍል ከተነሳ በኋላ ታቹ ከጠበቅሁት በላይ ይጠጣ ነበር።

ቀጥሎ ሒሳብ። ሒሳብ የማይወድ እንኳ ይቺን ይወዳታል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በቃ። ወደዚያ ቱቦ የሚወርደው የጣሪያችን ክፍል 50 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አገር አንድ ኢንች የሚባለው ደህና ዝናብ፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር፣ ሲጥል 1,250 ሊትር ይወርዳል። በበርሜል ብትቆጥሩት ከስድስት በርሜል በላይ፣ ያውም ከግማሽ ጣሪያ! 10 ካሬ ሜትር መደብ በ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት 1,500 ሊትር ይይዛል። ጠርዙ ዘቅዘቅ ስለሚል ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ልኩ ይሄው ነው። የጣሪያው አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ጥልቀቱን ጨምሬ ስፋቱን ልቀንስ የሚል ሰው አይጠፋም፤ አይሻልም። ጥልቅና ጠባብ ጉድጓድ ውሃውን ለብዙ ሰዓት ያቆየዋል፣ ልጅ ላለበት ቤትም ጥሩ አይደለም።

ሌላው፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት 811 ደውሉ። ነፃ ነው። ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለምና በትናንሽ ባንዲራ ያመላክታሉ። ጋዝ ቢጫ ነው፣ ኤሌክትሪክ ቀይ፣ የፍሳሽ መስመር አረንጓዴ። ሦስቱም የእኛ ግቢ አካባቢ ያልፋሉ። ጋሼ ጠዋት ሲወጡ ሣሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሲውለበለብ አይተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ጉድጓድ ልቆፍር ነው።»

«አሜሪካ መጥተሽ ጉድጓድ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ዶማ ይዘው መጡ። ዶማውን ከየት እንዳመጡት እስካሁን አልነገሩኝም፤ ያ ዶማ የዚህ አገር ዶማ አይመስልም።

ቁፋሮው ላይ ቁም ነገሩ ደረጃ ነው። ታቹ እንደ ምጣድ ሜዳ መሆን አለበት። አንድ ጎን ካዘነበለ ውሃው ሁሉ እዚያ ይከማቻል፣ አንዱ ጥግ ይሰምጣል፣ ሌላው ይደርቃል። ችካል ተክላችሁ፣ ሲባጎ ወጥራችሁ፣ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ዓይን አይታመንም፣ በተለይ ተዳፋት ላይ። ከላይኛው በኩል የሚወጣው አፈር ከታችኛው ጎን እንደ ክትር ይከመራል፣ በእግር ይረገጣል። ያንን ክትር ደህና አድርጎ መርገጥ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ታቹን ግን አትርገጡት! ሥራ ላይ እያሉ እሱን መርሳት በጣም ቀላል ነው። በተለይ አፈሩ እርጥብ ከሆነ በእግር ሲረገጥ ይጠጥርና ውሃ ማስረጉን ያቆማል፤ ስለዚህ ከውጭ ቆሞ መሥራት፣ ወይም ጣውላ አንጥፎ ላዩ ላይ መቆም ነው።

ከዚያ ኮምፖስት። 5 ሳንቲሜትር ያህል አልብሳችሁ ከታች ካለው አፈር ጋር አዋህዱ። ሸክላማ አፈር ላይ ትንሽ አሸዋ ብጨምር ይለሰልሳል የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው፣ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይጠጥራል።

ቱቦውን ከአሸንዳው መውረጃ ጋር አያይዛችሁ ከመሬት ሥር ዘቅዘቅ አድርጋችሁ አምጡትና ጫፉ ላይ ድንጋይ ደርድሩ፣ ውሃው በጉልበት መጥቶ አፈሩን እንዳይቆፍረው። በሌላው በኩል ደግሞ ከክትሩ ትንሽ ዝቅ ያለ መውጫ ተዉ፣ እሱንም በድንጋይ አልብሱት። ከልኩ በላይ የሚጥል ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ውሃው የሚወጣበትን በር እናንተ ካልመረጣችሁ ራሱ ይመርጣል። የእኛ መውጫ ከጋሼ አጥር ተቃራኒ ነው፣ ይሄንን መቼም መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ተክሉ። እዚህ ላይ ከልብ ነው የተደሰትኩት። መደቡ ሦስት ዓይነት ነዋሪ አለው። መሐል ታች ያሉት እግራቸው ውሃ ውስጥ ቢቆም የማይከፋቸው ናቸው፣ ጎን ላይ ያሉት ሁለቱንም የሚችሉ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ደረቅ የሚወዱ። ግን መሐል ያሉትም ቢሆኑ ድርቅ መቻል አለባቸው። ይሄ ነው ምርጫውን የሚያከብደው። ሁልጊዜ ውሃ የሚፈልግ የረግረግ ተክል እዚህ አይኖርም።

ለመሐሉ ብሉ ፍላግ አይሪስ፣ ስዋምፕ ሚልክዊድና ካርዲናል ፍላወር መረጥኩ። ካርዲናል ፍላወር ቀይ ነው፣ ደማቅ ቀይ፤ ሃሚንግበርድ የሚባሉት ደቃቃ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየር ላይ ቆመው ይጠጡታል። ሚልክዊዱ ላይ ደግሞ ሞናርክ ቢራቢሮ እንቁላሏን ትጥላለች። ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ መስመር ያለው አባጨጓሬ ቅጠሉን አራግፎ ሲበላላችሁ መድኃኒት እንዳትረጩ። ሌላ ምግብ የለውም፤ የተከላችሁትም ለእሱ ነው። ጎኑ ላይ ስዊችግራስ አለ። ከላይ ተራ ሳር ነው የሚመስለው፣ ሥሩ ግን እስከ 3 ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። ውሃውን ወደ ታች የሚያወርደው እንዲህ ያለው ሥር ነው፤ ሥር ሲያድግም ሲሞትም አፈሩ ውስጥ መተላለፊያ ይከፍታል። ለዚህም ነው ጥሩ ሬይን ጋርደን እያደር የበለጠ የሚጠጣው።

ጠርዙ ላይ ብላክ አይድ ሱዛን ተከልሁ። የሜሪላንድ ግዛት አበባ ነች። አበባዋ ቢጫ፣ መሐሏ ጠቆር ያለ። አደይ አበባ አይደለችም፣ ግን የሩቅ ዘመዷ ነች፣ ሁለቱም ከሱፍ ቤተሰብ ናቸው። ከሐምሌ ጀምራ ለእንቁጣጣሽ እንኳ ትደርሳለች። የመስከረም ፎቶ ለማንሳት የሚመጡ ልጆች ረግጠው እንዳይጨርሱብኝ አሁን ትንሽ አጥር ሠርቻለሁ።

አጋዘኖቹን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አጋዘን የማይበላውን ተክል የሚያውቅ ሰው ሀብታም ነው። ሚልክዊዱንና አይሪሱን ብዙም አይነኩም። ሌላውን ግን እስኪጠነክር መረብ ማልበስ ያስፈልጋል። መረቡ ያስጠላል፣ ይሁን።

የሚተከለው በጸደይ ወይም በመስከረምና በጥቅምት ነው። በሐምሌ ሙቀት ከተከላችሁ የውሃ ጎማ ይዛችሁ ነው የምትውሉት። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ደረቅ ሳምንት ሲመጣ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ሬይን ጋርደን ውሃ ሲጠጣ ያየ ሰው ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። በተክሎቹ መሐል አፈሩን የሚሸፍነውን ጉዝጓዝ ስትገዙ ደግሞ ተፈጭቶ የተጠላለፈውን የእንጨት ዓይነት ግዙ፤ ድብልብል ቅርፊቱ ውሃ ሲሞላ ተንሳፎ መውጫው ላይ ይከመራል። ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚረጨው ጨው እንዳይገባበትም ተጠንቀቁ። የመኪና መግቢያውን ውሃ ወደዚህ ያላመጣሁት ለዚህ ነው።

ጋሼ ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ መጥተው መደቡ ሞልቶ አዩት።

«ይሄ ነገር ትንኝ ያመጣብናል።»

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ይምጡና ይዩት። ትንኝ ከእንቁላል ወጥታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል። ውሃው ያን ያህል አይቆይም።»

በማግስቱ መጡ። ውሃው የለም፣ አፈሩ ብቻ ረጥቧል። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና ምንም ሳይሉ ተመለሱ። እኔም ዕድሉን ተጠቅሜ የበረንዳቸውን የአበባ ማሰሮዎች አየሁ። ከየማሰሮው ሥር ባለው ሳህን ውስጥ የቆመ ውሃ አለ፣ ውስጡም የሚዋኝ ነገር አለ። ነገርኳቸው። አሁን ሳህኖቹን በየጊዜው ይደፏቸዋል፣ ለእኔም ስለ ትንኝ ያስተምሩኛል።

ገንዘቡን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሬይንስኬፕስ በሚባለው ፕሮግራሙ ከወጪው ላይ የተወሰነ ይመልሳል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ማመልከትና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ቆፍሬ ጨርሻለሁ ብሎ ደረሰኝ ይዞ መሄድ አይሠራም።

እህቴ ፎቶውን አይታ «እኛስ ጋ ይሆናል?» አለችኝ። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ ሲኤምሲ በኩል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የዓመቱ ዝናብ ድምር እዚህም እዚያም ተቀራራቢ ነው፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ ይጥላል። አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። የዛሬው ከሰዓት ውሃ ሳይሰርግ የነገው ይመጣል። መሬቱ ጠጥቶ የጠገበ ነው። ስለዚህ እዚያ ትልቁ ጉዳይ መውጫው ነው፤ ሰፋ ብሎ፣ በድንጋይ ተለብዶ፣ ወደ ቦይ የሚያደርስ መሆን አለበት።

አፈሩም አለ። የእህቴ ሰፈር ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል፣ ውሃም አያሳልፍም። እንዲህ ያለ አፈር ላይ መሠረት አጠገብ ውሃ ማጠራቀም ግድግዳ ማሰንጠቅ ነው። የግንብ አጥሩም ቢሆን እንዳይረሳ፤ ሥሩ ውሃ የጠጣ የድንጋይ አጥር በክረምት ሲወድቅ ያላየ ሰው የለም። ለእሷ የመከርኳት ከሁሉ በፊት ሮቶ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ይወርዳል፤ በውሃ ፈረቃ ለሚኖር ሰው ያንን መሬት ውስጥ ማስረግ ቅንጦት ነው። ከሮቶው የሚተርፈው ወደ መደቡ ይሂድ። ቀይ አፈር ያለበት፣ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው ግን ጉድጓዷን ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ሰዓት ይዞ ይሞክር። ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይራቅ እንጂ።

ለጠርዙ አደይ አበባ፣ ለክትሩ ሥሩ የሚጠልቀው ቬቲቨር ሳር፣ ለመሐሉ ደግሞ ቄጠማ ነው የነገርኳት። ቄጠማው በበጋ እንዳይደርቅ የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ብታፈስበት ይበቃዋል። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘውን ከገበያ አትገዛም። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ መለመኑ ግን ስለማይቀር ሰፋ አድርገሽ ትከይ ብያታለሁ።